«ቦቶክስ ፊት ያደርቃል?»፦ ስለ ፊት መሸብሸብ መርፌ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአንድ የቆዳ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ዕቃችንን ጭነን ወደ መስቀል አደባባይ ጠጋ ብለናል። ቦታው ቢቀየርም በስልክ የሚመጣው ጥያቄ አልተቀየረም። ጥያቄዎቹን ሰዎች በሚናገሩበት አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ። መልሱ የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ግን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ አውቃችሁ ትገባላችሁ።

«ቦቶክስ ከንፈርና ጉንጭ የሚያሳብጠው ነው አይደል?»

አይደለም፤ አብዛኛው ግራ መጋባት የሚነሣውም ከዚህ ነው። ከንፈር የሚሞላው፣ ጉንጭ ከፍ የሚያደርገው ፊለር የሚባለው ነው። በብዛት ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለ ወፈር ያለ ጄል ሲሆን ከቆዳ ሥር ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ቦቶክስ ምንም አይሞላም። ጡንቻ ነው የሚያሳርፈው።

ግንባራችሁን ስትቋጥሩ በሁለት ቅንድባችሁ መሃል ያሉት ጡንቻዎች ቆዳውን ወደ መሃል ይስቡታል። ጡንቻው የሚኮማተረው ነርቩ አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ሲለቅለት ነው። መድኃኒቱ የነርቩ ጫፍ ውስጥ ገብቶ ያ ንጥረ ነገር እንዳይለቀቅ ያግዳል። ትእዛዝ ያልደረሰው ጡንቻ ላላ ይላል፣ ከላዩ ያለው ቆዳም ይዘረጋል። ቆዳው ራሱ ምንም አልተደረገም።

ለዚህ ነው ሐኪማችን ከመርፌ በፊት መስታወት የሚሰጠው። «እስቲ ይቆጡ» ይላል። «አሁን ይገረሙ። አሁን ይሳቁ።» ከዚያ «ዝም ይበሉ» ይልና እሱም ዝም ብሎ ያያል። ፊት ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚወጣ መስመር ለመርፌው በደንብ ይታዘዛል። ዝም ሲባልም ተቀርጾ የሚቀረው ይለሰልሳል እንጂ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ከአፍንጫ ወደ አፍ ጠርዝ የሚወርደው እጥፋት፣ የወረደ ጉንጭ፣ የብጉር ጠባሳ፣ ማድያት፦ እነዚህ የዚህ መርፌ ሥራ አይደሉም። ማድያት ይዞ መጥቶ ቦቶክስ ተወግቶ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ጥሎ ነው የሚሄደው።

«የፀጉር ቦቶክስ ተሠርቻለሁ፤ እሱም ያው ነው?»

ስሙ ብቻ ነው። ፀጉር ቤት የሚቀባው «ቦቶክስ» ፀጉርን ሸፍኖ የሚያለሰልስ ቅባት ነው፤ የመርፌው መድኃኒት በውስጡ የለም። ፀጉር ጡንቻ የለው፤ ምኑን ያሳርፈዋል? ይልቅ ሲተኮስ ዓይን የሚያቃጥል ጢስ ካወጣ ፎርማልዲሃይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ያለበት እንዳይሆን ጠርጥሩ። ማሰሮው ላይ «ቦቶክስ ክሬም» የተጻፈበትም እንዲሁ ነው። ክሬም ቆዳን ያርሳል፤ ጡንቻ ድረስ ግን አይደርስም።

«መርዝ ነው ይባላል። መርዝ እንዴት ፊት ላይ ይወጋል?»

መርዝ መሆኑን አንክድም። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ ያመነጨዋል፤ ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ በኃይል ከፊተኞቹ ነው። ስሙ ራሱ ቋሊማ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዩስቲኑስ ኬርነር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በተበላሸ ቋሊማ የተመረዙ ሰዎችን እያየ ምልክቱን አንድ በአንድ መዘገበ፤ ነገሩ በትንሽ መጠን መድኃኒት ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበውም እሱ ነበር። ባክቴሪያው የተገኘው ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በአንዲት የቤልጂየም መንደር ለቀብር የመጡ ሙዚቀኞች የአሳማ ሥጋ በልተው ታመሙ፤ ኤሚል ቫን ኤርመንገም ከዚያ ሥጋ ላይ ለየው።

መድኃኒት ያደረገው መጠኑ ነው። የመድኃኒቱ ኃይል የሚለካው በዩኒት ነው፤ በቅንድብ መሃል ላለው መስመር የተለመደው የቦቶክስ መጠን 20 ዩኒት ነው። አንድን ጎልማሳ ሊገድል ይችላል ተብሎ ከእንስሳት ጥናት የተገመተው ደግሞ ወደ 3,000 ዩኒት ይጠጋል። በእጃችን ያለው አንዱ ብልቃጥ በሙሉ 50 ወይም 100 ዩኒት ነው።

ሲጀመር ውበትም አልታሰበም ነበር። አለን ስኮት የተባለ የሳንፍራንሲስኮ የዓይን ሐኪም የተንሸዋረረ ዓይንን ያለ ቀዶ ጥገና ለማስተካከል ነው የተነሣው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ የፈቀደው ለዓይን መንሸዋረርና ሳይፈልጉ ለሚጨፈን ዓይን ነው። ከዚያ በፊት በቫንኩቨር፣ ካናዳ፣ ጂን ካሩዘርስ የተባሉ የዓይን ሐኪም ዓይኗ እየተጨፈነባት የምትቸገር አንዲት ታካሚ ያክማሉ። ታካሚዋ በቅንድቧ መሃል ሳትወጋ ስትቀር ተበሳጨች፤ እዚያ ስትወጋ ፊቷ ጭንቀት የሌለበት ይመስል ነበርና። የሐኪሟ ባል አላስተር ካሩዘርስ የቆዳ ሐኪም ነበሩ። ባልና ሚስቱ ነገሩን ይዘው ቀጠሉ፤ መጀመሪያ ከሞከሩባቸው ሰዎች አንዷ የራሳቸው እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1992 አሳተሙ። በአሜሪካ ለቅንድብ መሃል መስመር ይፋዊ ፈቃድ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

«እህቴ ከዱባይ ብታመጣልኝ ትወጉኛላችሁ?»

አንወጋም። ሰው ከሁሉ የሚቀየመን በዚህ መልስ ስለሆነ ምክንያቱን ላብራራ።

ያልተከፈተ የቦቶክስ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። አንድ ቀን አንዲት እናት በፎጣ የተጠቀለለ ብልቃጥ ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ከጫማና ከሽቶ ጋር በሻንጣ መጥቷል፣ ኤርፖርት ቆይቷል፣ ቤት ውስጥም ቁም ሣጥን ላይ ሁለት ሳምንት ተቀምጧል። «ልጄ በውድ ነው የገዛችው» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ያ ብልቃጥ ውስጥ ያለው አሁንም ይሠራ እንደሆነ በዓይኔ አይቼ ማወቅ አልችልም። የተበላሸውም ያልተበላሸውም ሲታይ አንድ ነው። እንዲያውም ደህናው ብልቃጥ ራሱ ባዶ ይመስላል፤ ታችኛው መስታወት ላይ እንደ ትንፋሽ የተለጠፈ ስስ ነጭ ነገር ብቻ ነው ያለው። ኖርማል ሳላይን የሚባለውን ንጹሕ የጨው ውሃ ስንጨምርበት እያዩ «ባዶ ላይ ውሃ ነው እንዴ የምትወጉኝ?» ብለው ከወንበር ሊነሡ የቃጡ አሉ።

ሰው የማያስበው አንድ ሌላ ጣጣም አለ፤ መብራት። የእኛ ፍሪጅ ውስጥ ቴርሞሜትር አለ፣ ጧትና ማታ እየተነበበ ይጻፋል፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይነሣል። የምትሄዱበት ቦታ ይህን ብትጠይቁት የሚቆጣ ከሆነ ውጡ። ቅዝቃዜው የተበላሸበት መድኃኒት ብዙ ጊዜ ጉዳቱ አለመሥራቱ ነው። የሐሰተኛው ጉዳት ግን ሌላ ነው፤ ውስጡ ምን ያህል፣ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ሐሰተኛ ወይም በአግባቡ ያልተያዘ ቦቶክስ ተወግተው የታመሙ 22 ሰዎች ከ11 ግዛቶች ተመዝግበዋል፤ ግማሾቹ ሆስፒታል ገብተዋል። ቁጥጥር ጠንካራ ነው በሚባልበት አገር ይህ ከሆነ የእኛን አስቡት።

ዋጋን በተመለከተ ደግሞ፦ «ለአንድ የፊት ክፍል ይህን ያህል» ሲሏችሁ «በዩኒት ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። ስንት ዩኒት እንደተወጋችሁና የትኛው ምርት እንደሆነ በካርዳችሁ ላይ ይጻፍ። ቦቶክስና ዲስፖርት ሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ፤ ዩኒታቸው ግን አንድ አይደለም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በቁጥር አይመነዘርም። ብልቃጡ ከተበጠበጠ በኋላ በአምራቹ መመሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። በጣም የረከሰ ካገኛችሁ ብልቃጡ በውሃ በዝቶ ለብዙ ሰው ተዳርሶ ይሆናል። የአቦል ሂሳብ ከፍሎ በረካ መጠጣት ማለት ነው፤ በወር ተኩል «አልሠራልኝም» ብለው ወደ እኛ የሚመጡት እነዚህ ናቸው።

ብልቃጡን ሲከፈት ለማየት ጠይቁ፤ ነውር አይደለም። የሚያጠራጥር ነገር ካያችሁ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው።

«ፊቴ እንደ ጭምብል ደርቆ ይቀራል?»

በዝቶ ከተወጋ፣ አዎ፣ ለጊዜው። በቴሌቪዥን የምታዩት የማይንቀሳቀስ ግንባር የመጠንና የፍላጎት ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ሰው ያንኑ ይጠይቃል።

ግንባር ላይ ግን ልብ የሚባል ነገር አለ። ቅንድብን ወደ ላይ የሚያነሣ ጡንቻ አንድ ብቻ ነው፤ የግንባሩ ጡንቻ። እሱ ከመጠን በላይ ሲያርፍ ቅንድቡ ይወርዳል። በተለይ የዓይናቸው ሽፋን በዕድሜ የከበደ ሰዎች ሳያውቁት ቀኑን ሙሉ ግንባራቸውን አንሥተው ነው የሚያዩት፤ የግንባራቸው መስመር የሚመጣውም ከዚህ ነው። መስመሩ እንዲጠፋ ግንባራቸውን ብናሳርፈው ሽፋኑ ዓይናቸው ላይ ይወድቃል። እንዲህ ላሉት ሐኪማችን «ይቅርብዎት» ይላል፤ ደንበኛው ቅር ብሎት ይሄዳል፣ ሁለት ሕንፃ አልፎ «እሺ» የሚለው ያገኛል።

«አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አልችልም? ካቆምኩ ይብስብኛል?»

ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ነርቩ ሥራውን ይጀምራል፣ ጡንቻው ይነቃል፣ ፊታችሁ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከነበረው አይከፋም። የከፋ የሚመስለው ለአራት ወር ልስልስ ያለ ግንባር ካያችሁ በኋላ የድሮውን ስለምታዩ ነው። ሱስ የሚያስይዝ ነገርም የለውም። ልማድ ግን ይሆናል፤ በዓመት ሦስት ጊዜ ከኪስ የሚወጣ ወጪ መሆኑን ከመጀመራችሁ በፊት አስቡት።

«ቢበላሽስ? ማስወገጃ አለው?»

የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር የሚያሟሟ መርፌ አለው። ቦቶክስ የለውም፤ መጠበቅ ነው። ጓደኛዬ ከሥራ ወጥታ አንድ የውበት ሳሎን ጎራ ብላ ተወጋች። በሳምንቷ የግራ ዓይኗ ሽፋን ወረደ። ለአምስት ሳምንት ያህል ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ምነው አልተኛሽም እንዴ?» ስትባል ከረመች። ሽፋኑን ትንሽ ከፍ የሚያደርግ የዓይን ጠብታ አለ፤ ሐኪም አዘዘላት፣ በራሱ ጊዜም ተመለሰ። የወጋቻትን ሴት ሙያዋን ጠይቃት አታውቅም ነበር። እኔ ነርስ ሆኜ እንኳ ሳትጠይቀኝ ሄደች፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

መጠበቅ የማይገባው ግን አለ። መዋጥ ካቃተ፣ ድምፅ ከተለወጠ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ሰውነት ከደከመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ከተወጋችሁ ሰዓታትም ይሁን ሳምንታት ቢያልፉ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ መርፌውን መወጋታችሁንም ተናገሩ።

«የኛ ቆዳ አይሸበሸብም ይባል የለ?»

ዘግይቶ ይሸበሸባል ማለት ይቀላል። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ፀሐይ የምታመጣውን መሸብሸብ ያዘገያል። በመቆጣትና በመሳቅ የሚመጣውን መስመር ግን ጡንቻ ነው የሚሠራው፤ ጡንቻ ደግሞ ቀለም አይለይም። ኬሎይድ (ከቁስል በኋላ አብጦ የሚቀር ጠባሳ) ያለባቸው ሰዎች ይፈራሉ። መርፌው እጅግ ቀጭን ስለሆነ ኬሎይድ ማስነሣቱ ያልተለመደ ነው፤ ቢሆንም አስቀድማችሁ ንገሩን።

ስለ ፀሐይ ካነሣን አይቀር፦ አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ፀሐይዋ የዋህ ትመስላለች። አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ተሰልፎ ግማሽ ሰዓት የሚቆም ሰው በነፋሱ ምክንያት አይሞቀውም፣ ፊቱ ግን እየተጠበሰ ነው።

«ገና 24 ዓመቴ ነው። መስመር ሳይወጣ ቀድሜ ብወጋስ?»

እኔ ብጠየቅ በዚያ ገንዘብ የፀሐይ መከላከያ ክሬምና ጥሩ ጥላ ግዢ። የሚያነጣ ክሬም እየተቀባሽ ከሆነም አቁሚና ሐኪም ይይልሽ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ቆዳን የሚያሳሳ ስቴሮይድ አለ።

«ሰርጌ ለዳግም ትንሣኤ ነው። መቼ ልምጣ?»

ከአራት ሳምንት በፊት። መርፌው ዛሬ ተወግቶ ዛሬ አይታይም፤ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ይጀምራል፣ ሙሉ ውጤቱ በ14ኛው ቀን አካባቢ ነው። ያኔ አይተን ጎደል ያለ ካለ እንጨምራለን፤ የበለዘም ካለ ለመጥፋት ጊዜ ያገኛል። የጥር ሙሽሮች በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ ይምጡ። ሐሙስ ደውሎ «ቅዳሜ ነው» ለሚል ሙሽራ ሜካፕ የተሻለ ይሠራለታል።

በተወጉበት ቀን ፊት ማሸት የለም። ለአራት ሰዓት ያህል ጋደም አትበሉ፣ ስፖርት፣ ስቲምና ወይባ ለነገ ይደር። ሹሩባ ለመሠራት አንገት ደፍቶ ሦስት ሰዓት መቀመጥም እንዲሁ። እውነቱን ለመናገር ከነዚህ ምክሮች አንዳንዱ ከጥናት ይልቅ ከጥንቃቄ የመጣ ነው። አንድ ቀን መጠንቀቅ ግን ምንም አያስከፍልም።

«ያ ማለት በሁዳዴ ልወጋ ነው። ጾም ይሽራል? ስግደትስ?»

የሃይማኖቱን ብይን ነርስ አትሰጥም፤ የንስሐ አባታችሁን፣ ሙስሊም ከሆናችሁ ኢማማችሁን ጠይቁ። ይዘቱን ማወቅ ለሚፈልግ፦ ቦቶክስ ከሰው ደም የተገኘ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን አለበት። ዲስፖርት ደግሞ የላም ወተት ፕሮቲን ሊኖርበት ስለሚችል ለወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሰው አይወጋውም።

ስለ ስግደቱ ልመልስ እችላለሁ። ግንባር መሬት እየነካ ብዙ በሚሰገድበት ቀን፣ በተለይ በስቅለት፣ ቀጠሮ አንሰጥም። ለሶላት የሚሰግዱ ደንበኞቻችን በሁለት ሶላት መካከል ረዘም ያለውን ሰዓት መርጠው ይመጣሉ።

«መወጋት የሌለበት ማን ነው?»

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ትቆይ። ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለው የጡንቻ መድከም በሽታና መሰሎቹ ያሉበት፣ የሚወጋበት ቦታ ላይ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ያለበት አይወጋም። ጀንታማይሲንና መሰል አንቲባዮቲክ እየወሰዳችሁ ከሆነ ንገሩን፤ የመርፌውን ኃይል ሊያበረታው ይችላል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መበለዝ ያበዛሉ፣ ነገር ግን ለልብ የታዘዘላችሁን አስፕሪን በራሳችሁ እንዳታቆሙ።

«ወንድ ነኝ፤ ያሳፍራል እንዴ?»

ጧት በር ስንከፍት ቀድመው የሚገቡ ወንዶች አሉ፣ ሰው ሳይበዛ። የወንድ ጡንቻ ወፈር ስለሚል ብዙ ጊዜ ዩኒቱ ይጨምራል። ደግሞም ይህ መድኃኒት ለመስመር ብቻ አይደለም። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለሚያምመው ማይግሬን 155 ዩኒት በራስና በአንገት 31 ቦታ ተከፋፍሎ ይወጋል። ሸሚዝ እስኪያረጥብ ለሚያልበው ብብትም በየጎኑ 50 ዩኒት። ክራቫት አስሮ «ለራስ ምታቴ ነው» ብሎ የሚገባ ሁሉ ግን ለራስ ምታቱ አይደለም፤ እኛም አንከራከርም።

«ባለቤቴ ሳያውቅ ይሆናል?»

መርፌው ያረፈበት ቦታ የትንኝ ንክሻ መስሎ እብጥ ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይጠፋል። ከበለዘ ደግሞ የቁም ሣጥኑ በር ይወቀሳል። አንዲት ደንበኛችን እንዲህ ደብቃ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ባሏ እራት እየበሉ ቀና ብሎ አያትና «ምነው ሰሞኑን አትቆጪኝም?» አላት። ተቆጥታው ነበር።